ሽቶው ከደረቀ በኋላ

ዶሎ ኦዶ ላይ ሽቶ የሚሸጥ ሰው ትልቁ ፈተና የገዢው ችኮላ ነው። አንጓው ላይ አንዴ ይረጫል፣ ወዲያው ያሸታል፣ «ራሱ ነው!» ብሎ ገንዘቡን ያወጣል። እኔ ግን «ወላሎ፣ ወንድሜ፣ ገበያህን ጨርሰህ ተመለስ» እለዋለሁ።

የታዋቂ ሽቶ አምሳያ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ይህን ችኮላ ያውቁታል። ቀድሞ አፍንጫ የሚመታውን የሎሚና የብርቱካን ሽታ ማስመሰል ብዙ ወጪ የለውም። ወጪው ያለው ኋላ ቆዳ ላይ በሚቀረው እንጨትና ሙጫ ላይ ነው። ሶማሌዎች ሀበክ ሀዲ የሚሉት፣ ከሶማሊያና ከእኛው ኦጋዴን ቆላ የሚለቀመው ጣፋጭ ከርቤ እ.ኤ.አ. በ1925 በወጣው የገርላ ሽቶ፣ ሻሊማር ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። እንዲህ ያለውን ሙጫ በሁለት ሦስት ሰው ሠራሽ ቅመም የተኩት እንደሆነ ጠዋት ይመስላል፣ ከሰዓት ስኳር ስኳር ይላል።

ገናሌና ዳዋ የሚገናኙበት ይህ ቆላ ቀን ቀን ብዙ ጊዜ ከ35 ዲግሪ በላይ ስለሚሞቅ ሽቶን መፈተኑ ቶሎ ያልቃል። በቀትሩ ሶላት በዙሁር ላይ ኦርጅናሉን በግራ ክንዴ፣ አምሳያውን በቀኜ አድርጌ፣ በከሰዓቱ ሶላት በዓስር ላይ አሸታቸዋለሁ። አንጓ ላይ አላደርግም፤ ለሶላት ዉዱ ሲደረግ እጅ እስከ ክርን ስለሚታጠብ ሁለቱም ይሄዳሉ። ከክርን በላይ ነው ቦታው።

አምሳያን የምንቅ ሰው አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የክሪድ አቬንቱስ አንድ ብልቃጥ ከብዙ ሠራተኛ የወር ደመወዝ ይበልጣል። የኤምሬቱ አርማፍ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው አምሳያው «ክለብ ደ ኑዊ ኢንቴንስ ማን» ሲረጭ ሎሚው ይበረታል፤ በመጀመሪያው ደቂቃ የሚፈርድ ሰው «አይመስልም» ብሎ ይተወዋል። ከደረቀ በኋላ የሚቀረው ጭስ ጭስ የሚል የእንጨት ሽታ ግን አቬንቱስን እጅግ ይቀርበዋል። በራሱ ስም፣ በራሱ ካርቶን ነው የሚሸጠው። የሌላውን ስም ለጥፎ የመጣ ፎርጅድ፣ ሽታው ቢያምርም፣ መደርደሪያዬ ላይ አይወጣም።

ለሴቶች ሌላ መመዘኛ አለኝ። እዚህ ቤት ሁሉ ማታ ዳብቃድ በሚባለው ማጨሻ ላይ ኡንሲ የሚባል ዕጣን ይጨሳል፤ ድራ የሚባለው ቀሚስም ጋርባሳር የሚባለው መደረቢያም ያን ጭስ ጠጥቶ ያድራል። ስለዚህ ጋርባሳራቸው ጫፍ ላይ ጥቂት አድርጌ ከኡንሲው ጋር አሸታለሁ። ውድ የፓሪስ ሽቶ ከኡንሲ ጋር ሲጣላ አይቻለሁ፤ ዑድና ቫኒላ ያለበት ርካሽ የዱባይ ሽቶ ደግሞ ገጥሞ ሲውል። ሙሽራ ልትሆን የመጣች ልጅ ውዱን ስትጠይቀኝ፣ በምትለብሰው ድራ መጥታ ሁለቱንም እንድታሸት እለምናታለሁ። አብዛኞቹ የሚገዙት ርካሹን ነው፤ በተረፋቸው ብር ዓጥር የሚባለውን የዘይት ሽቶ በትንሽ ብልቃጥ ይጨምሩበታል።