ፎርማት ከመደረጉ በፊት

ባለፈው ክረምት የጽሕፈት አገልግሎት የሚሰጡ አንዲት እናት ዴስክቶፓቸውንና ኤችፒ ሌዘርጄት 1020 ፕሪንተራቸውን ይዘው ከአረካ ኮምፒውተር ወደምጠግንበት ሶዶ ድረስ መጡ። ፕሪንተሩ ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡትና፣ «ልጄ፣ ማሽኑ ደህና ነው፤ መብራቱም ይበራል። ብቻ አልታዘዝ አለኝ» አሉኝ። ከሳምንት በፊት ኮምፒውተሩ ስለተንቀራፈፈባቸው ፎርማት አስደርገው ነበር።

የተሰበረ ነገር አልነበረም። የጠፋው ድራይቨሩ ነው። ድራይቨር በኮምፒውተሩና በዕቃው መካከል የሚቆም አስተርጓሚ ነው። ወላይትኛ ብቻ የሚናገር ባለጉዳይ አማርኛ ብቻ የሚሰማ ጸሐፊ ፊት ቢቀርብ፣ ሁለቱም ምንም ሳይጎድላቸው ጉዳዩ ፈቀቅ አይልም። የ1020 ደግሞ ይብሳል፤ የሚሠራበት ፕሮግራም በሆዱ ውስጥ አይቀመጥም። በበራ ቁጥር ድራይቨሩ ከኮምፒውተሩ እንደ አዲስ ይልክለታል። ድራይቨሩ ከሌለ ያ ፕሪንተር መብራቱ የበራ ሳጥን ነው።

ይህን ጉዳይ አጥብቄ የማነሳው እኔም ስላጠፋሁ ነው። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን የአንድ የቦዲቲ መምህርን ላፕቶፕ ምንም ሳላስቀምጥ ፎርማት አደረግሁ። ሲነሳ ድምፅ የለውም፣ ዋይፋዩ የለም፣ የኔትወርክ ኬብሉም አይሠራም፤ የኮምፒውተሩን ዕቃዎች የሚዘረዝረው ዲቫይስ ማኔጀር ላይ ቢጫ ምልክት ተደርድሯል። ድራይቨር ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ ድራይቨር። ሲጨንቀኝ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ከኖረ ፍላሽ ላይ «ሁሉም አለበት» የተባለ የድራይቨር ጥቅል ጫንኩ። ዋይፋዩ ሠራ፤ አብሮት ግን ቫይረስ ገባ። መምህሩ ውጤት የመዘገቡበት ፍላሽ እዚያው ተሰክቶ ነበር። የአንድ ሴሚስተር ማርክ ከወረቀት ላይ እንደገና ሲገለብጡ አብሬያቸው አመሸሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከየት እንደመጣ የማላውቀውን ድራይቨር ሰው ማሽን ላይ አልጭንም።

ከሶዶ፣ ከቦዲቲ፣ ከገሱባ ወደ እኔ ከሚመጡት ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ አገልግለው የተገዙ ናቸው። አብሯቸው የነበረው ሲዲ የመጀመሪያው ባለቤት ቤት ቀርቷል። ጊዜውም አይጠብቅም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ኤክስፒ ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ መጋቢት 30 ቀን 2006፣ ለዊንዶውስ 7 ጥር 5 ቀን 2012፣ ለዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ኢንቴልም በኅዳር 2012 የአሮጌ ማዘርቦርዶቹን ድራይቨሮችና ባዮሶች ከድረ ገጹ ማንሳት ጀምሯል። ማሽኑ በሕይወት እያለ ምንጩ ይደርቃል ማለት ነው። ስለዚህ ለአሮጌ ኮምፒውተር ከሁሉ የታመነው የድራይቨር ምንጭ ራሱ ኮምፒውተሩ ነው፤ ያውም ፎርማት ከመደረጉ በፊት።

ሥራው ደቂቃዎችን እንጂ ሰዓት አይፈጅም። ዊንዶውስ 10 የተጫኑትን ድራይቨሮች ወደ አንድ ፎልደር የሚያወጣ የራሱ ትእዛዝ አለው። ዊንዶውስ 7 ላይ ሲስተም 32 ውስጥ ድራይቨር ስቶር የሚባለውን ፎልደር ገብቶ፣ ፋይል ሪፖዚተሪ የተባለውን እንዳለ መቅዳት ይበቃል። አዲሱ ዊንዶውስ ሲጫን ቢጫ ምልክት ያለበትን ዕቃ ወደዚያ ፎልደር መምራት ነው። ፎርማቱ አልፎ ከሆነ የዕቃውን መለያ ቁጥር ማንበብ ይቻላል፤ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ዲቴይልስ የሚለው ገጽ ላይ ይገኛል። በውስጡ ያለው የአምራቹ ቁጥር 8086 ከሆነ ዕቃው የኢንቴል ነው፤ ቁጥሩ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው ፕሮሰሰር ስም ነው። በዚያ መለያ የማይክሮሶፍት አፕዴት ካታሎግ ላይ ፈልጎ በነፃ ማውረድ ይቻላል። ዋይፋዩ ካልሠራ ስልክን በኬብል አገናኝቶ ኢንተርኔቱን ማጋራት ብዙ ጊዜ ከችግር ያወጣል።

ማካፈሉስ? ባልደረቦቼ «ያንን ድራይቨር በቴሌግራም ጣልልኝ» ይሉኛል። ያለውን ማካፈል ያደግንበት ነው፤ እምቢ ማለት ይከብዳል። ሆኖም ድራይቨር የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፕሮግራምን እንደ ማንኛውም ሥራ ይጠብቀዋል። በነፃ የሚወርድ ሁሉ ማንም እንዲያሰራጨው ተፈቅዷል ማለት አይደለም። በሌላ በኩል አዋጁ ፕሮግራሙን በሕጋዊ መንገድ የያዘ ሰው ቢጠፋበት ወይም ቢበላሽበት የሚተካበት አንድ ቅጂ እንዲያስቀምጥ ይፈቅዳል። እኔም በዚህ መስመር እሄዳለሁ። ከደንበኛው ማሽን ያወጣሁት ቅጂ የደንበኛው ነው፤ ከማሽኑ ጋር ይሄዳል። ለባልደረባዬ የምሰጠው የዕቃውን መለያ ቁጥርና አምራቹ ፋይሉን ያስቀመጠበትን አድራሻ ነው። እንዲህ ሲሆን ፋይሉ ከምንጩ ንጹሕ ሆኖ ይደርሰዋል፤ እሱም በተራው መንገዱን ለሌላ ያሳያል።

በልብ ደስታ የማድለው በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነውን ሊኑክስን ነው። አብዛኞቹ ድራይቨሮች ከርነሉ (የሥርዓቱ እምብርት) ውስጥ ተካተው ይመጣሉ፤ ፈቃዱም ምንጭ ኮዱንና የፈቃዱን ጽሑፍ ሳይደብቁ ለፈለጉት ሰው መስጠትን ይፈቅዳል። እዚያም ቢሆን ድንበር ይከበራል። የብሮድኮም አሮጌ ዋይፋይ ካርዶች የሚፈልጉትን ፈርምዌር (ካርዱ ውስጥ የሚሠራውን ፕሮግራም) ማሰራጨት ስላልተፈቀደ፣ የሊኑክስ ሰዎች ፈርምዌሩን አላዳረሱም፤ ተጠቃሚው ራሱ ከአምራቹ ድራይቨር ውስጥ የሚያወጣበትን መሣሪያ ሠሩ። የ1020 ፕሪንተርም እንዲሁ ነው፤ የኤችፒ የሊኑክስ ድራይቨር ነፃ ቢሆንም የሚያስፈልገውን ተጨማሪ ፋይል እያንዳንዱ ሰው ውሉን ተቀብሎ ለብቻው ያወርዳል። ማንንም ሳይበድሉ መረዳዳት እንደሚቻል ከእነሱ ተምሬያለሁ።

ለአረካዋ እናት የ1020ን ድራይቨር ከአምራቹ ገጽ አውርጄ ጫንኩላቸው። የመጀመሪያው ወረቀት ሲወጣ ሙቀቱ ሳይበርድ በሁለት እጃቸው ያዙት። ከዚያ የማሽናቸውን ድራይቨሮች በሙሉ ሲዲ ላይ ጻፍኩ፤ ሲዲውንም በፖስታ አድርጌ የኮምፒውተሩ ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጠፍኩት። ፖስታው ላይ ሞዴሉን፣ የየዕቃውን መለያ ቁጥርና ቀኑን ጽፌያለሁ። ያንን ሽፋን ቀጥሎ የሚፈታው ባለሙያ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ የሚፈልገውን ግን እዚያው ያገኘዋል።