ከሐኪም ቤት የመጣችውን ወረቀት ማን ያነባታል?

ዘመድ ያስታመማችሁ ሁሉ እንደምታውቁት፣ ሕክምና በሐኪም ቤት ይጀመራል እንጂ በሐኪም ቤት አያልቅም። ሐኪሙ በሽተኛውን የሚያየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የማጠብ፣ የመቀባትና የመንከባከብ ሥራ የአስታማሚ ነው፤ አስታማሚዋም አብዛኛውን ጊዜ እናት፣ ሚስት ወይም እኅት ናት። ስለዚህ ለበሽተኛው የሚሰጠው ትምህርት ለእርሷም ካልደረሰ ሕክምናው ግማሽ ሆኖ ይቀራል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ወላይታ ነው። በወላይታ ሶዶና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ብዙ ሰው የሚያሠቃይ የእግር እብጠት አለ። በተለምዶ ዝሆኔ ይባላል፤ የሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት በዞኑ ከመቶ ሰው ከ5 የሚበልጠው በዚህ በሽታ መያዙን አመልክቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በነበረው በዚሁ ዞን በሽታው በዓመት 16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ያህል እንደሚያሳጣ ገምቷል።

የበሽታው መንስኤ አፈር ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረው ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ለዓመታት ሲኬድ፣ በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶች በቆዳ ውስጥ ዘልቀው እግሩን ያሳብጣሉ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ይህን የማያውቅ ጎረቤት ግን ከታማሚው ጋር መብላት ይሸሻል፤ ልጁን ለታማሚ ቤተሰብ ልጅ መዳርም ይፈራል።

«በዘር ነው» የሚለው አባባልስ? እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በወላይታ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ለበሽታው የመጋለጥ ዝንባሌ በዘር ሊወረስ እንደሚችል አሳይቷል። ነገር ግን ዝንባሌው ብቻውን አያሳምምም፤ እግር ከአፈሩ ጋር ካልተነካካ በሽታው አይመጣም። እንግዲህ በቤተሰቧ ውስጥ ታማሚ ያለባት እናት ከማንም በፊት ለልጆቿ ጫማ ማሰብ አለባት ማለት ነው። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር አንዲት እናት መስማቷና አለመስማቷ የልጇን ዕድሜ ሙሉ ሊለውጥ ይችላል።

ለታመመውም ቢሆን እንክብካቤው በቤት የሚሠራ ነው። እግርን በየቀኑ በሳሙናና በንጹሕ ውኃ ማጠብ፣ የጤና ባለሙያው ባዘዘው መጠን በረኪና በተጨመረበት ውኃ መዘፍዘፍ፣ በጣቶች መካከል ሳይቀር ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ ነው። በምሥራቅ ጎጃም 700 በሚጠጉ ሕሙማን ላይ ተደርጎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ ይህን እንክብካቤ ያገኙት በትኩሳትና በሕመም የሚወድቁበት ጊዜ ካላገኙት ያነሰ መሆኑን አረጋግጧል።

ታዲያ ይህ ሁሉ እንዴት ይማራል? ብዙ ጊዜ ለበሽተኛ የሚሰጠው ወረቀት ነው። ወረቀቱ በአማርኛ ቢጻፍ ወላይትኛ ብቻ የምትናገረው አያት አትረዳውም። ወላይትኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ፣ በቋንቋዋ ቢታተምም ያልተማረች እናት አታነበውም። በመሆኑም ጥሩ የማስተማሪያ ጽሑፍ ሥዕል ያለው፣ ቃሉ አጭር፣ በእጅ እየተሠራም የሚታይ መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ1998 በዶክተር ናታን ባርሎ አማካይነት በሶዶ የተቋቋመው፣ ሞሲ ፉት በሚል ስም የታወቀው ድርጅት ይህን በተግባር አሳይቷል። በሽታው የተሻላቸው ሰዎች ራሳቸው አስተማሪ ሆነው አዲስ ታማሚዎችን እግር አስተጣጠብ አስተማሩ፤ ጫማ መሥራት የተማሩም አሉ። የራሱን እግር እያሳየ የሚያስተምር ሰው ከማንኛውም ወረቀት ይልቅ ይታመናል።

እናንተ በከተማ የምትኖሩ እናቶችና ሠራተኞችም ድርሻ አላችሁ። ከገጠር ለሕክምና የመጣ ዘመድ ቤታችሁ ሲያርፍ አብራችሁ ሂዱ። ከመውጣታችሁ በፊት አራት ነገር ጠይቁ፦ ሕመሙ ምንድን ነው? በቤት ምን እናድርግ? ምን እንተው? ምን ምልክት ስናይ ፈጥነን እንመለስ? የተነገራችሁን ለባለሙያው መልሳችሁ ንገሩት፤ ተሳስታችሁ ከሆነ ያርማችኋል። ቤት ስትደርሱ ወረቀቱን በታማሚው ቋንቋ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። የመጀመሪያውን ዕለት እጥበትም አብራችሁ ሥሩ፤ ዘመዳችሁ ወደ አገሩ ሲመለስ ብቻውን ሊሠራው ይችላልና። በቤታችሁ የምታግዛችሁ ልጅ ካለችም ከእናንተ ጋር ትስማ። ነገ ወደ ትውልድ ቀበሌዋ ስትመለስ ለእናቷ የምትነግር እርሷ ናት።