ባትሪ ወይስ ቤንዚን? ስለ ሞተር መጋዝ የሚወራውና እውነታው

የአክስቴ ባል ተዝካር ሊደገስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ደብረ ብርሃን አቅራቢያ ካለው ግቢያቸው ገባን። ከበሩ ጎን የባሕር ዛፍ ግንድ ተከምሯል፤ ጠላ ጠማቂዎቹና እንጀራ ጋጋሪዎቹ እስከ ቅዳሜ ፍልጥ ይፈልጋሉ። አንድ ጎረቤት የቤንዚን ሞተር መጋዙን ይዞ መጣ። ገመዱን ሳበ፤ አልነሳም። ደጋግሞ ሳበ። ላብ በላብ እስኪሆን ከሳበ በኋላ ግቢው በቤንዚን ሽታ ታፈነ፤ ካንዴላው ተፈቶ ሲወጣ ጥቁርና እርጥብ ነበር። በዚህ መሀል ከአዲስ አበባ የመጣው የአክስቴ ልጅ ከመኪናው በባትሪ የሚሠራ መጋዝ አወጣ። አንድ አባት አይተው፣ «ልጄ፣ ይሄ የሕፃን መጫወቻ ነው፤ ባሕር ዛፍ የሚቆርጠው ቤንዚን ነው» አሉት።

ይህን አባባል ከዚያ በፊትም ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ከሻጮች በኩል ደግሞ ተቃራኒውን እሰማለሁ፦ ቤንዚን አብቅቶለታል፣ ባትሪ ሁሉን ይተካል ይላሉ። ሁለቱም ወሬ ሰውን ያለ አግባብ ገንዘብ ያስወጣዋል፤ አንዳንዴም እግርና እጅ ያሳጣዋል። ስለዚህ አንድ በአንድ ማየቱ ይበጃል።

«ጉልበት ያለው ቤንዚን ብቻ ነው»

ቆላ ላይ፣ ባሕር ጠረፍ ላይ ቢሆን ይህ አባባል ብዙ እውነት ነበረው። መካከለኛ መጠን ያለው የቤንዚን መጋዝ ከአብዛኞቹ የባትሪ መጋዞች የበለጠ ጉልበት አለው፤ ወፍራም ግንድ ላይ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። ይሁን እንጂ የቤንዚን ሞተር ሲሠራ አየር ይተነፍሳል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ያለው አየር ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው በአንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው። ሞተሩ በእያንዳንዱ ምት የሚያገኘው አየር ሲያንስ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይወርዳል። የጥቅሉ ወረቀት ላይ የተጻፈው የፈረስ ጉልበት እንግዲህ የደጋ ጉልበት አይደለም።

ችግሩ በዚህ አያበቃም። ካርቡሬተሩ የተስተካከለው ለወፍራም አየር ከሆነ፣ ደጋ ላይ አየሩ አንሶ ቤንዚኑ ይበዛበታል። ያኔ ሞተሩ ይጨሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ለመነሳትም ያስቸግራል። የጎረቤታችን መጋዝ ሕመሙ ይኸው ነበር። በማግስቱ አንድ መካኒክ የካርቡሬተሩን ብሎን በጥቂቱ ሲያጠብበው በሁለተኛው ስቦሽ ተነሳ። (ይህን ሥራ ለሚያውቅ ሰው መተው ይሻላል፤ ከመጠን በላይ ከጠበበ ቤንዚኑ ያንስና ፒስተኑ ይቃጠላል።) አሁን የሚመጡ አንዳንድ መጋዞች ድብልቁን በራሳቸው ያስተካክላሉ፤ እነሱም ቢሆኑ የሌለውን አየር ሊፈጥሩ አይችሉም።

የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይፈልግም። ደብረ ብርሃንም ይሁን አሰብ ጉልበቱ ያው ነው። የአክስቴ ልጅ መቀስቀሻውን ሲጫን መጋዙ ወዲያው ዞረ፤ የክንድ ውፍረት ያላቸውን ግንዶች እንደ ሸንኮራ አገዳ ይጎምዳቸው ጀመር። መጫወቻ ነው ያሉት አባት ራሳቸው ጉማጁን ከስሩ እያነሱ መከመር ያዙ።

ኤሌክትሪክ ለዚህ ሥራ እንግዳ ነው የሚለውም ስህተት ነው። ጀርመናዊው አንድሬያስ ሽቲል ሽቱትጋርት ውስጥ የራሱን የመጀመሪያ ባለ ሰንሰለት መጋዝ በ1926 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሲሠራ የኤሌክትሪክ ነበር። የቤንዚኑን ያወጣው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ያኔ የጎደለው ወደ ጫካ ይዞት የሚገባ ባትሪ ነበር።

«ባትሪ ካለህ ቤንዚን አያስፈልግህም»

ይሄ ደግሞ የሻጮች ተረት ነው፤ ስሌቱን እንሥራው። አንድ ሊትር ቤንዚን 9 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይዟል። የመጋዝ ሞተር አብዛኛውን በሙቀትና በጭስ ያባክነዋል፤ አምስተኛውን እንኳ ሰንሰለቱ ላይ ቢያደርስ ጥሩ ነው። የተለመደ የ36 ቮልት ባትሪ የሚይዘው 200 ዋት ሰዓት አካባቢ ነው፤ ሞተሩ ግን ከዚያ ላይ የሚያባክነው ጥቂት ነው። ሁሉም ተደምሮ ሲታይ የአንዲት ሊትር ቤንዚንን ሥራ ለመተካት ከግማሽ ደርዘን በላይ ባትሪ ያስፈልጋል። ባትሪ ደግሞ ርካሽ አይደለም፤ ባትሪውና ቻርጀሩ አብረው ብዙ ጊዜ የመጋዙን አካል ያህል ያወጣሉ።

ባሕር ዛፍ ገዝቶ ሜዳውን ሙሉ ለሚጥል፣ ከጠዋት እስከ ማታ ለሚጎምድ ሰው ቤንዚኑ አሁንም አቻ የለውም። መብራት በሌለበት ገጠር ወይም በሳምንት ሦስት ቀን መብራት በሚጠፋበት ቦታም እንደዚያው። የእኛ ባትሪ እንኳ የአንድ እጅ ተኩል ውፍረት ያላቸውን ግንዶች አርባ ጊዜ ያህል ቆርጦ ደከመ፤ ሁለተኛው ባትሪ ባይኖር ኖሮ ቁጭ ብለን ቻርጅ እንጠብቅ ነበር።

ለአንድ ቤተሰብ ማገዶ ግን ሂሳቡ ይገለበጣል። በወር አንዴ፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት የሚቆርጥ ሰው የቤንዚን መጋዙን ከርሞ ሲያነሳው ብዙ ጊዜ አይነሳለትም፤ ውስጡ የቀረው ቤንዚን ለወራት ሲቆይ ተበላሽቶ ካርቡሬተሩን ይደፍነዋልና። ቤንዚንና ዘይቱን መደባለቅም አለ፦ ለአብዛኞቹ አዳዲስ መጋዞች 50 ለ1፣ ማለትም ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር የባለ ሁለት ምት ዘይት ነው። ዘይቱ ከተረሳ ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይነክሳል። በጀሪካን ቤንዚን መቅዳት እንደ ልብ ባልሆነበት በዚህ ጊዜ፣ ግድግዳው ላይ ሶኬት ያለው ሰው ከዚህ ሁሉ ጣጣ ያርፋል።

«አልቆርጥ ያለው ጉልበት ስለሌለው ነው»

ከሁሉ ወሬ ይበልጥ የሚቆጨኝ ይህ ነው። ሰው መጋዙን የሚለውጠው፣ የሚረግመው፣ በላዩ ላይ ተጭኖ ወገቡን የሚሰብረው አብዛኛውን ጊዜ ሰንሰለቱ ዶልዱሞ ነው። የሚቆርጠው ጥርሱ ነው፤ ሞተሩ ጥርሱን ያዞራል እንጂ አይቆርጥም።

የጥርሱ ቅርጽ የመጣው ከትል ነው። በ1940ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ኦሪገን በምትባለው የአሜሪካ ግዛት ጆሴፍ ኮክስ የተባለ እንጨት ቆራጭ አንድ ጉቶ ላይ የጥንዚዛ ትል ሲበላ ተመለከተ። ትሉ የእንጨቱን አቅጣጫ ሳይመርጥ በመንጋጋው አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እየገዘገዘ ይሄዳል። ኮክስ ያንን መንጋጋ በብረት ቀረጸው፤ ዛሬም በባትሪውም በቤንዚኑም መጋዝ ላይ ያለው ሰንሰለት የዚያው ዝርያ ነው። እያንዳንዱ ጥርስ እንደ መላጊያ ስስ ልጥ ያነሳል።

ምርመራው ከእግር ስር ነው። ከመጋዙ የሚወርደው ሰጋቱራ ጠፍጠፍ ያለ፣ እንደ አጃ ቂንጬ ያለ ከሆነ ጥርሱ ስል ነው። እንደ ዱቄት ከላመ፣ እንጨቱም የተቃጠለ ከሸተተ፣ ሥራውን አቁሞ መሞረድ ነው። ለትናንሽ መጋዞች ብዙ ጊዜ 4 ሚሊ ሜትር ክብ ሞረድ ይሆናል፤ ትክክለኛው ልክ በሰንሰለቱ ማሸጊያ ላይ ይጻፋል። ሞረዱ የሚገፋው ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፤ ለሁሉም ጥርስ እኩል ቁጥር ያለው ግፊት ይሰጣል፤ አንዱ ጎን ከሌላው ከበለጠ መጋዙ ጠሞ ይሄዳል። ስል ሰንሰለት ደግሞ አንዴ አፈር ወይም ድንጋይ ከነካ በሰከንድ ይደነዝዛል። ግንዱን በሌላ ግንድ ላይ ከፍ አድርጎ ማስተኛት ያሻል።

ባትሪውን ቶሎ የሚጨርሰውም ይኸው የዶለዶመ ሰንሰለት ነው። ባትሪው ያረጀ እየመሰላቸው ሌላ የሚገዙ ሰዎች አሉ፤ የጎደላቸው አንድ ሞረድ ነው።

«ለሰንሰለቱ የተቃጠለ ዘይት ይበቃዋል»

አይበቃም። የባትሪ መጋዝ ዘይት አይፈልግም የሚሉም ተሳስተዋል፤ ሁለቱም ሰንሰለታቸው በሚዞርበት ረጅም ብረት ላይ ዘይት ይፈልጋሉ። ከመኪና ሞተር የወጣ ዘይት ግን የብረት ብናኝና ካንሰር አምጪ ቅመሞችን ይዟል። መጋዙ ያንን በእጃችሁ፣ በፊታችሁና እንጀራ በሚጋገርበት ማገዶ ላይ ይረጨዋል።

«የባትሪው ጸጥተኛ ስለሆነ አይጎዳም»

ድምፁ ዝቅ ያለ መሆኑ እውነት ነው፤ ጭስ የለውም፣ እጅ ላይ የሚያደርሰው ንዝረትም ያነሰ ነው። የቤንዚኑ ጆሮ ያደነቁራል፤ ያለ ጆሮ መከላከያ ሊያዝ አይገባም። በተዘጋ መጋዘን ውስጥ ከተነሳም ጭሱ ይገድላል።

ሰንሰለቱ ግን ሁለቱም ላይ ያው ሰንሰለት ነው። የብረቱ ጫፍ የላይኛው ክፍል እንጨት ከነካ መጋዙ ወደ ቆራጩ ፊት ይወረወራል፤ ይህ የሚሆነው ዓይን ሳይርገበገብ ነው። የግራ አውራ ጣት ከፊት መያዣው ስር መጠምጠም ያለበት ለዚህ ነው። የቤንዚኑ መጋዝ ሲጮህ ሰው ይሸሸዋል። የባትሪው ግን መቀስቀሻው እስኪነካ ድረስ እንደ ተራ ዕቃ ተኝቶ ይቆያልና ሕፃን ያነሳዋል። ሰንሰለቱን ከመንካታችሁ በፊት ባትሪውን ንቀሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው አያውቅም። የመጋዝ መከላከያ ሱሪ የሚያድነው ውስጡ ያለው ክር ተጠምጥሞ ሰንሰለቱን ሲያቆመው ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ከመነሻው ብርቱ ስለሆነ ክሩን በጥሶ ሊያልፍ እንደሚችል የሱሪዎቹ አምራቾች ያስጠነቅቃሉ። ሱሪው አሁንም ይጠቅማል፤ በእሱ ተማምኖ ግን እግርን ከሰንሰለቱ ፊት ማኖር አይገባም።

«ካሊፎርኒያ የቤንዚን መጋዝ ከልክላለች»

ሎስ አንጀለስና ኦክላንድ ያሉ ዘመዶቻችን ይህን ደጋግመው ይጠይቃሉ። በ2021 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣው ሕግና እሱን ተከትሎ የመጣው ደንብ የሚመለከተው ከ2024 ሞዴል ጀምሮ የሚመረቱ አዳዲስ ትናንሽ ሞተሮችን ነው። 45 ሲሲና ከዚያ በላይ የሆኑ መጋዞች ከዚህ ውጭ ናቸው፤ ቤት ውስጥ ያለውን አሮጌ መጋዝ መጠቀምም አልተከለከለም።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። መብራት ያለው ደጋ ላይ ኖሮ ለቤቱ ማገዶ የሚጎምድ ሰው ሁለት ባትሪ ያለው መጋዝ ይግዛ። እንጨት መቁረጥ እንጀራው የሆነ፣ ወፍራም ግንድ የሚጥል፣ ከሶኬት ርቆ የሚውል ሰው ቤንዚኑን ይያዝ፤ ካርቡሬተሩን ግን ለከፍታው ያስተካክል። የትኛውንም ከመግዛታችሁ በፊት ግን፣ አሁን በእጃችሁ ያለውን መጋዝ አንድ ግንድ አስቆርጡትና ጎንበስ ብላችሁ ሰጋቱራውን በእጃችሁ ዝገኑት። ዱቄት ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ ሞረድ ነው።