ራሱን የሚያድሰው የዓይን መስኮት

አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ዓይን ውስጥ ስትገባ የምታስከትለው ሕመም ከመጠኗ ጋር ፈጽሞ አይመጣጠንም። ምክንያቱም ብርሃን የሚገባበት ኮርኒያ የስሜት ነርቮች እጅግ ከበዙባቸው የሰውነት ክፍሎች አንዱ ነው።

የኮርኒያ የላይኛው ሽፋን ኤፒቴሊየም ይባላል። ከ5 እስከ 7 በሚደርሱ የሕዋሳት ድርብርቦች የተሠራ ሲሆን፣ ውፍረቱ 0.05 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። ያረጁት ሕዋሳት በእንባ ታጥበው ሲወገዱ አዳዲሶች ከሥር ይተኳቸዋል፤ ከ7 እስከ 10 ቀናት ውስጥም ሽፋኑ ይታደሳል።

ሽፋኑ ሲጫር በቁስሉ ዙሪያ ያሉ ሕዋሳት ተንሸራተው ክፍተቱን ይሸፍናሉ፤ ከዚያም ተባዝተው ውፍረቱን ይመልሳሉ። ቀላል ጭረት አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀናት ይድናል።

ይህ ችሎታ ግን ወሰን አለው። የእድሳቱ ምንጭ በኮርኒያና በነጩ የዓይን ክፍል ድንበር ላይ የሚገኙት ግንደ ሕዋሳት ናቸው። እነዚህ በኖራ ወይም በሌላ ኬሚካል ሲቃጠሉ የደም ሥሮች ወደ ኮርኒያ ይዘልቃሉ፤ እይታም ይደበዝዛል። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 እ.ኤ.አ. ከታማሚው ከራሱ ዓይን በተወሰዱ ሕዋሳት የሚዘጋጀውን ሆሎክላር የተባለ ሕክምና ፈቅዷል።

በኢትዮጵያ ብዙዎችን የሚያጠቃው ትራኮማ ጉዳቱ የተለየ ነው። ወደ ውስጥ የታጠፈ ሽፋሽፍት ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ኮርኒያን ስለሚፍቅ ቁስሉ ፋታ አያገኝም፤ ውሎ አድሮም ጠባሳ ብርሃንን ይጋርዳል። በወረንጦ የተነቀለ ፀጉር ተመልሶ ይበቅላል። ስለዚህ አገር ቤት ያሉ እናት «ዓይኔን ይወጋኛል» ካሉ፣ ጠባሳው ሳይቀድም የዓይን ቆቡን በቀዶ ሕክምና ማቃናት ይቻል እንደሆነ ሐኪም ሊያያቸው ይገባል።