ስብን በብርድ የሚቀንሰው መሣሪያ፤ እንዴት እንደ ተፈተነና አስመጪው ሊያውቀው የሚገባው

በጣና ዳር የሚገበያይ ሰው በማለዳ ብርድ ቅቤው ሲረጋና ሲጠጥር፥ የሐይቁ ውሃ ግን ፈሳሽ እንደ ሆነ ሲቀር ዘወትር ያየዋል። ስብና ውሃ ለብርድ ያላቸው ጠባይ የተለያየ መሆኑ ለባሕር ዳር ቅቤ ነጋዴዎች አዲስ ነገር አይደለም። ያለ ቀዶ ሕክምና የሰውነትን ስብ ይቀንሳል ተብሎ በውበት ሕክምና ገበያ በከፍተኛ ዋጋ የሚሸጠው የማቀዝቀዣ መሣሪያ የተመሠረተው በዚሁ ጠባይ ላይ ነው። መሣሪያው ውድ ከመሆኑም በላይ የሰውን ገላ የሚነካ ስለ ሆነ፥ ገንዘቡን በዚህ ንግድ ላይ ለማዋል የሚያስብ ሰው አሠራሩንና የተፈተነበትን መንገድ አስቀድሞ መረዳት ይገባዋል።

የነገሩ መነሻ አንድ ሕፃን ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ሁለት የአሜሪካ ሐኪሞች የበረዶ ጣፋጭ ይመጥ የነበረ የአንድ ሕፃን ጉንጭ ውስጡ እንደ ጠጠረ፥ ይኸውም የሆነው ብርዱ ስቡን ስለ ጎዳው መሆኑን ጽፈው አስታወቁ። ከብዙ ዘመን በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ2008፥ በቦስተን ከተማ በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል የሚሠሩት ዶክተር ዲተር ማንስቲንና ዶክተር ሮክስ አንደርሰን በአሳማዎች ላይ ያደረጉትን ፈተና አሳተሙ። የተመጠነ ብርድ ቆዳውን ሳያበላሽ ከሥሩ ያለውን ስብ ሊያሳሳ እንደሚችል በዚሁ ታወቀ።

አሠራሩም እንዲህ ነው። መሣሪያው ሥጋውን በአየር ስቦ በሁለት ቀዝቃዛ ሰሌዳዎች መካከል ይይዘዋል፤ ቆዳው በውርጭ እንዳይቃጠል በመካከሉ እርጥብ መከላከያ ጨርቅ ይነጠፋል። ሕክምናው አንድ ሰዓት ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። የስቡ ሕዋሳት ግን በዚያው ሰዓት አይጠፉም፤ ቀስ በቀስ እየሞቱ በሁለት ወይም በሦስት ወር ውስጥ ሰውነት ራሱ ያስወግዳቸዋል።

በሰው ላይ ሲፈተን በብዙ ጊዜ የተያዘው ዘዴ አንዱን ጎን አክሞ ሌላውን ሳይነኩ መተው ነበር። ታካሚው በመካከሉ ቢከሳ ወይም ቢወፍር ለውጡ በሁለቱም ጎን ስለሚታይ፥ የመሣሪያው ሥራ የሚባለው በሁለቱ መካከል የሚገኘው ልዩነት ብቻ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ፥ በ10 ሰዎች ላይ በተደረገ ፈተና፥ የስቡ ውፍረት በአልትራሳውንድ ሲለካ ከሁለት ወር በኋላ 20.4 በመቶ፥ ከስድስት ወር በኋላ 25.5 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኘ። የመደንዘዝ ስሜት የተሰማቸውም ነበሩ፤ ነገር ግን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለቀቃቸው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም መሣሪያውን እ.ኤ.አ. በ2010 ለጎን፥ በ2012 ለሆድ ፈቀደ።

እነዚህን ቁጥሮች ነጋዴው በትክክል ሊያነባቸው ይገባል። 25 በመቶ ማለት 4 ሳንቲሜትር የነበረ የስብ ሽፋን ወደ 3 ሳንቲሜትር ይወርዳል ማለት እንጂ፥ 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው 20 ኪሎ ይቀንሳል ማለት አይደለም። ሚዛኑ ከቶ ላይነቃነቅ ይችላል። ከዚህም ሌላ ለስኳርና ለልብ በሽታ ይበልጥ የሚያሰጋው በሆድ ዕቃ ዙሪያ ያለው የውስጥ ስብ ነው፤ መሣሪያው ደግሞ እዚያ አይደርስም። በዚህ ረገድ ባሕር ዳር የታወቀችበት ብስክሌት ከመሣሪያው ይልቅ ይጠቅማል።

ጉዳትም አለው። በአንዳንድ ሰዎች ላይ የታከመው ስፍራ በመቅለል ፈንታ አብጦና ጠጥሮ ይቀራል፤ ይህንንም የሚያቃናው አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ነው። ይህ ጉዳት በሕክምና መጽሔት የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ2014 ሲሆን፥ በመጀመሪያ ከ20,000 ሕክምና አንድ ጊዜ ያህል እንደሚደርስ ተገምቶ ነበር፤ በኋላ የወጡ ጥናቶች ግን ከዚያ እንደሚበዛ አመለከቱ። የካናዳዋ የፋሽን ሞዴል ሊንዳ ኤቫንጄሊስታ በዚሁ ምክንያት እንደ ተጎዳች እ.ኤ.አ. በ2021 በይፋ ተናግራ ክስ መሠረተች፤ ክሱም በ2022 በስምምነት አለቀ። ደማቸው ለብርድ የማይስማማ ሕሙማንም ከናካቴው ሊታከሙበት አይገባም።

ስለዚህ አስመጪው ባንክ ቤት ከመሄዱ በፊት የሚከተሉትን ማጣራት ይበጀዋል።

1ኛ/ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የሕክምና መሣሪያ በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር ስለ ሆነ፥ ዕቃው ጅቡቲ ከመድረሱ በፊት ፈቃዱ መያዙን፤

2ኛ/ በስመ ጥሩው መሣሪያ አምሳል የተሠራ ርካሽ ዕቃ እንዳይሆን፥ የፈተናው ወረቀት የዚያው ፋብሪካና የዚያው ሞዴል መሆኑን። የብርዱን መጠን ጠብቆ ራሱን የማያቆም መሣሪያ ቆዳ ያቃጥላል፤

3ኛ/ በ220 ቮልት የሚሠራ መሆኑን፥ መብራት በሕክምናው መካከል ቢቋረጥ ምን እንደሚሆን፥ መለዋወጫውና የሚጣለው መከላከያ ጨርቅ ሳይቋረጥ መገኘቱን፤

4ኛ/ ገዢው ፈቃድ ያለውና ሐኪም የሚሠራበት የጤና ድርጅት መሆኑን።

ማስታወቂያ የሚያወጣም ቢሆን «በአንድ ቀን ያከሳል» ከማለት መቆጠብ አለበት፤ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ቅቤውን በሙዝ ያደባለቀ ነጋዴ ደንበኛውን የሚያጣው አንድ ጊዜ ነው፤ የገዢውን ገላ ያበላሸ ግን ስሙንም ገንዘቡንም ያጣል።