የፋብሪካው ማሊያ፦ የመሥሪያ ቤት ክለብና የተጫዋች ደመወዝ፣ ከቀፊራ እስከ አሜሪካ ኮሌጆች

የመሥሪያ ቤት ክለብ ዋና ሥራው ሌላ በሆነ ተቋም ሥር የሚተዳደር የስፖርት ቡድን ነው። ተቋሙ ጨርቅ ይሸምናል፣ ሲሚንቶ ያመርታል፣ ባቡር ያንቀሳቅሳል፣ ወይም ገንዘብ ያስቀምጣል፤ ከዚሁ ጎን ለጎን ኳስ ያጫውታል። ማሊያው፣ ታኬታው፣ የአሠልጣኙ ደመወዝና የጉዞው ወጪ ከተቋሙ ካዝና ይወጣል። የኢትዮጵያ እግር ኳስ በአብዛኛው ያደገው በዚህ መልክ ነው። በአሜሪካ የዚህኑ ዓይነት ቦታ የያዘው ዩኒቨርሲቲው ነው። እዚያ ስለ ኮሌጅ ስፖርተኞች ክፍያ የሚካሄደው ረጅም ክርክር ለኢትዮጵያ አንባቢ ባዕድ የሚመስለው የራሱን ክለቦች ታሪክ በዚህ ዓይን ስላላየው ነው።

ለዚህ ታሪክ ከድሬዳዋ የተሻለ መነሻ የለም። ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሲደርስባት ነው። የደቻቱ ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል፦ ከዚራ የባቡር መሐንዲሶች መንገዱን ቀጥ አድርገው የቀየሱት፣ ጣቢያው ያለበት ወገን ሲሆን፣ መጋላ የገበያው ወገን ነው። ቀፊራ የመጋላ ትልቁ ገበያ ነው። በቅስት በሮቹ በኩል ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራውና ዐረቡ ይገባል ይወጣል፤ አንዱ ነጋዴ በአንድ ጠዋት በሦስት ቋንቋ ሲከራከር መስማት ብርቅ አይደለም። ከገበያው አጠገብ ደቻቱ ውኃ በማይሞላበት ጊዜ ሰፊ አሸዋ ነው፤ አሸዋ ባለበት ደግሞ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ከዚህ ሰፈር ለወጣ ልጅ ደመወዝ የሚከፍሉት ትልልቅ በሮች የታወቁ ነበሩ፦ ምድር ባቡር፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና ሲሚንቶ ፋብሪካው። ሦስቱም ቡድን ነበራቸው።

የጨርቃ ጨርቁ ቡድን ኮተን ይባላል፤ የሲሚንቶው ኢትዮ ሲሚንቶ። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1965 ባሉት ስድስት የውድድር ዓመታት የኢትዮጵያ ሻምፒዮንነት ከድሬዳዋ አልወጣም፤ አራቱን ኮተን፣ ሁለቱን ኢትዮ ሲሚንቶ ወስደዋል። ይህን የሚያውቅ የኳስ አፍቃሪ ማነሱ ያሳዝናል። የመጀመሪያው የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ በ1957 ዓ.ም. አክራ ላይ ሲጠናቀቅ ለመጨረሻዎቹ አራት ከደረሱት አንዱ ኮተን ነበር። በግማሽ ፍጻሜው የማሊው ስታድ ማሊያን አሰናበተው፤ ዋንጫውን የካሜሩኑ ኦሪክስ ዱዋላ አነሣ። በአህጉሩ የመጀመሪያ የክለቦች ውድድር አራት ውስጥ የገባው የአንድ የሽመና ፋብሪካ ቡድን ነው።

አስመራ ተወልዶ ያደገው ሉቺያኖ ቫሳሎም የኮተንን ማሊያ ለብሷል። በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ (ግብፅን) በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ አምበሉ እሱ ነበር፤ ዋንጫውንም ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ወንድሙ ኢታሎ ደግሞ በዚያ ፍጻሜ ጎል አግብቷል።

ስለዚያ ዘመን ደጋግሞ የሚነገር አንድ ስሕተት አለ። የሬዲዮ ስፖርት አቅራቢዎች ይሉታል፣ በቀፊራ ቡና ቤቶችና በየበርጫው ይደገማል፦ የድሮዎቹ በነጻ፣ ለማሊያ ፍቅር ብቻ ይጫወቱ ነበር፤ ገንዘብ የመጣው አሁን ነው። የአሁኑን ተጫዋች ለመውቀስ የሚመች አነጋገር ነው፤ ታሪኩ ግን እንዲህ አይደለም። የማሊያ ፍቅር ነበር፤ ማንም አይክደውም። ግን የመሥሪያ ቤት ተጫዋች በነጻ አልተጫወተም። የሚከፈለው በሌላ መዝገብ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ልጁ ኳስ በመቻሉ ይታያል፤ ከዚያ ግን የሚቀጠረው የፋብሪካ ሠራተኛ ሆኖ ነው። የሥራ መደብ ይሰጠዋል፦ መጋዘን፣ ጥገና ክፍል፣ ጽሕፈት ቤት። ስሙ ፔሮል ላይ ይሰፍራል፣ የሠራተኛ መታወቂያ ያወጣል፣ ወር ሲሞላ ከሌላው ሠራተኛ ጋር ተሰልፎ ደመወዙን ይቀበላል። ልምምድ ባለበት ቀን ከፈረቃው በጊዜ ይለቀቃል፤ ጨዋታ ባለበት ሳምንት ቀለል ያለ ሥራ ይመደብለታል። አለቃው ኳስ ወዳድ ከሆነ የመደቡ ሥራ በስም ብቻ የሚቀርበት ጊዜም ነበር። ስለዚህ ይህን ሥርዓት በቅርበት የተመለከቱ ብዙዎች ያ መደብ የይስሙላ ነው፣ ማታለያ ነው ይላሉ።

መደቡን በይስሙላነቱ ብቻ የሚያዩት ግን ትልቁን ነገር ይስታሉ። ተጫዋቹን የጠበቀው ያ መደብ ነው። ጉልበቱ ሲሰበር እንደማንኛውም ሠራተኛ የሕክምና ጉዳዩ የመሥሪያ ቤቱ ጉዳይ ይሆናል። ዕድሜው ሠላሳን አልፎ እግሩ ሲዝል ማሊያውን ያስረክባል እንጂ ሥራውን አያስረክብም፤ ጥገና ክፍሉ ወይም መጋዘኑ ይጠብቀዋል። የቋሚ ሠራተኛነቱ መብት ከጎሎቹ ቁጥር ጋር አይቀነስም። ሠርግ ሲደግስ ከሠራተኛ ማኅበሩ ዕቁብ አለው፤ ሐዘን ሲደርስበት የሥራ ባልደረቦቹ ድንኳን ይተክላሉ። በነጻ ተጫወተ የሚለው አነጋገር ይህን ሁሉ ይሰርዛል፤ ሰውየው በላቡ ያገኘውን መብት እንደ ችሮታ ያስቆጥራል።

የዚህ ነገር ትክክለኛ አቻ የሚገኘው በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት ነው። በዴንቨር ዩኒቨርሲቲ ኧርነስት ኔሜት የተባለ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ነበር። ዩኒቨርሲቲው የቴኒስ ሜዳዎችን እያጸዳ እንዲንከባከብ ቀጥሮት በወር 50 ዶላር ይከፍለው ነበር። ሥራው የተሰጠው ኳስ ስለሚጫወት፣ የሚቆይለትም ቡድኑ ውስጥ እስካለ ድረስ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950 በልምምድ ላይ ጀርባው ተጎዳ። የሠራተኛ የጉዳት ካሣ ጠየቀ፤ የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1953 ፈረደለት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ሥራውና ኳሱ ተጋምደው ነበርና ኳስ ላይ የደረሰበት ጉዳት በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው። የቴኒስ ሜዳ መጥረግ ከፋብሪካው መጋዘን መደብ ጋር አንድ ነው፤ ሰውየውን ያዳነው ያ መናኛ የሚመስል የፔሮል መስመር ነው።

በዚያው ግዛት ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሆነው የተገላቢጦሽ ነው። ሬይ ዴኒሰን ለፎርት ሉዊስ ኮሌጅ ሲጫወት እ.ኤ.አ. በ1955 ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞተ። ባለቤቱ የሠራተኛ ሞት ካሣ ጠየቀች። ፍርድ ቤቱ በ1957 አልፈቀደላትም፤ ኮሌጁ በኳስ ንግድ ውስጥ የለም፣ ሟቹም ለመጫወት የተቀጠረ ሠራተኛ አይደለም አለ። ባልዋን ያጣችው ሴት ባዶ እጅዋን ቀረች። በዚያን ዘመን የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ማኅበር፣ ኤንሲኤኤ፣ ተጫዋቾቹ ተማሪዎች እንጂ ሠራተኞች አይደሉም የሚለውን አቋም አጠነከረ፤ ለቀጣዩ ግማሽ ምዕተ ዓመትም የሙጥኝ ብሎ ያዘው። ፋብሪካም በኳስ ንግድ ውስጥ የለም፤ ኮተን የሚሸጠው ጨርቅ ነበር። ልዩነቱ የፋብሪካው ተጫዋች ስሙ መዝገብ ላይ መኖሩ ነው።

ማኅበሩ ክፍያንም ከለከለ፤ ክፍያን መከልከል ግን ክፍያን አያጠፋም፤ ወደ ጓሮ ያዞረዋል። በቴክሳስ የሳውዘርን ሜቶዲስት ዩኒቨርሲቲ ደጋፊዎች ለተጫዋቾች በስውር ይከፍሉ እንደነበር ተረጋግጦ ኤንሲኤኤ እ.ኤ.አ. የ1987ን የውድድር ዓመት ሙሉ በሙሉ ሰረዘበት። ቡድኑ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት አላገገመም። በዚህ መካከል የቴሌቪዥን ገንዘቡ አበጠ፣ የአሠልጣኞች ደመወዝ ሚሊዮኖች ገባ፤ ተጫዋቹ ግን ከትምህርት ወጪው በላይ አይነካም ተባለ።

ግድግዳው መፍረስ የጀመረው በፍርድ ቤት ነው። ሰኔ 2013 ዓ.ም. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አልስተን በተባለው መዝገብ ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ኤንሲኤኤ ከትምህርት ጋር በተያያዙ ጥቅሞች ላይ የጣለውን ገደብ ሕገ ወጥ ነው አሉ። በዚያው ወር መጨረሻ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ከማስታወቂያ ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደ። ግንቦት 29 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን ሃውስ በተባለው ክስ ስምምነቱን አጸደቁ፦ ወደ 2.8 ቢሊዮን ዶላር ለቀድሞ ስፖርተኞች በአሥር ዓመት ውስጥ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲም በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በቀጥታ ለስፖርተኞቹ ማካፈል ይችላል።

አንድ ትልቅ ጉዳይ ግን ሳይፈታ ቀርቷል፤ በጋዜጦች የብዙዎች ዓይን በገንዘቡ መጠን ላይ ስላረፈ ይዘለላል። የሚከፈለው ልጅ አሁንም ሠራተኛ ነው አልተባለም። የዳርትማውዝ ኮሌጅ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 በ13 ለ 2 ድምፅ የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም ወስነው ነበር፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ጥያቄያቸው ተነሣ። ስለዚህ በአሁኑ ሥርዓት ተጫዋቹ ከኔሜት 50 ዶላር እጅግ የላቀ ገንዘብ ይወስዳል፤ ኔሜት ያሸነፈበትን የሠራተኛነት መሠረት ግን አላገኘም።

ለኢትዮጵያውያን ሌላም የሚነካ ነገር አለ። የአሜሪካ ኮሌጆች የሩጫ ቡድኖች ለምሥራቅ አፍሪካ ልጆችና በዚያ ለተወለዱ ልጆቻችን የትምህርት በር ናቸው። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደው ያሬድ ኑጉሴ በኖተርዳም ዩኒቨርሲቲ ሲማር እ.ኤ.አ. በ2019 በ1500 ሜትር የኮሌጆች ሻምፒዮን ሆነ፤ በፓሪሱ ኦሊምፒክም ነሐስ አገኘ። የማካፈያው ገንዘብ ግን በአብዛኛው ወደ ፉትቦልና ወንዶች ቅርጫት ኳስ ይሄዳል፤ ገቢ የማያመጡት ስፖርቶች፣ ሩጫን ጨምሮ፣ ለቅነሳ የተጋለጡ ናቸው። በተማሪ ቪዛ የሄደ ልጅ ደግሞ የመሥራት ፈቃዱ የተገደበ ስለሆነ በስሙ ገንዘብ ለመቀበል ሌላ እንቅፋት አለበት። ልጃቸውን በስኮላርሺፕ የሚልኩ ወላጆች የዝውውር ወሬ ከመከታተል ይልቅ ይህን ቀድመው ቢጠይቁ ይሻላል።

አገር ቤት የመሥሪያ ቤት ክለብ ዛሬም አለ። የ2016 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ የንግድ ባንክ፣ የ2017ቱ የኢትዮጵያ መድን ነው፤ አንዱ የባንክ፣ ሌላው የኢንሹራንስ ቡድን። ድሬዳዋ ላይ ግን ፋብሪካዎቹና ምድር ባቡር ሲዳከሙ ቡድኖቻቸውም አብረው ወደቁ። የሥርዓቱ ትልቁ ድክመት ይህ ነው፦ ማሽኑ ሲቆም ኳሱም ይቆማል። በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን ምድብ፣ ሞሮኮን፣ ናይጄሪያን፣ ሱዳንንና ዛየርን፣ ያስተናገደች ከተማ ዛሬ በሊጉ የምትጠራው በድሬዳዋ ከተማ ቡድን ነው። እንዲህ ያሉት የከተማ ክለቦች የሚኖሩት በዋናነት ከመንግሥት በጀት ነው።

ተጫዋቹም ተለውጧል። የመጋዘን መደብ የለውም፤ ሙያው ኳስ ብቻ ነው። ውሉ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ነው። መጀመሪያ ገንዘቡ በፊርማ በአንድ ጊዜ ይሰጥ ነበር፤ ኋላ በወር ደመወዝ ተተካ። በ2011 ዓ.ም. ነሐሴ ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ የወር ደመወዙ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተስማሙ። ቴክሳስ ላይ የሆነውን የሚያውቅ ሰው ከዚያ በኋላ ስለ ጓሮ ክፍያ የተሰማው ወሬ ሊያስገርመው አይገባም። ጣሪያው ሁሉም ክለብ ሊከፍል የሚችለውን ለመወሰን ታስቦ ነበር፤ የዘገየ ደመወዝን ግን አላስቀረም። በበጀት የሚኖር ክለብ በጀቱ ሲዘገይ ተጫዋቹ ቤት ኪራይ መክፈል ያቅተዋል፤ ልምምድ የሚቆምበትም ምክንያት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ተመልካቹ ግን ተጫዋቹን ገንዘብ ወዳድ ይለዋል። ይህ ፍርድ ትክክል አይደለም።

ስለዚህ ዛሬ ከደቻቱ አሸዋ ተነሥቶ ውል የሚፈርም ልጅ በፔሮል መስመሩ ፈንታ የሚጠብቀው ወረቀት ነው። ውሉ በፌዴሬሽኑ መመዝገቡ፣ ሙሉው ክፍያ በውሉ ላይ መጻፉ፣ በጉዳት ጊዜ ሕክምናውንና ደመወዙን ማን እንደሚሸፍን መታወቁ፣ አንድ ቅጂም በእጁ መቅረቱ ግድ ነው። በቃል የተገባ ተጨማሪ ክፍያ በክርክር ጊዜ አይታይም። በፊፋ የተጫዋቾች ዝውውር ደንብ መሠረት ክለቡ የሁለት ወር ደመወዝ ካልከፈለ ተጫዋቹ በጽሑፍ ቢያንስ የ15 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ክለቡ በዚያ ጊዜ ውስጥ ዕዳውን ካላወራረደ፣ ውሉን በበቂ ምክንያት ማቋረጥ ይችላል።