«ደህና ነኝ» ለነርሷ አይበቃም

«እንዴት ነህ?» ሲሉን «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት አስተዳደጋችን ነው። ለንደን ውስጥ ጭንቀት ወይም ድባቴ ይዞት የአእምሮ ጤና ነርስ ፊት የተቀመጠ ሰው ግን ይህንኑ ከመለሰ፣ እርዳታ ሳያገኝ ሊመለስ ይችላል።

ነርሷ ከምትጠቀምባቸው ቅጾች አንዱ ፒኤችኪው-9 ይባላል። ባለፉት 2 ሳምንታት ሐዘን፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስ ምን ያህል ቀን እንዳስቸገረን ይጠይቃል። ለ9ኙ ጥያቄዎች እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 3 ይሰጣል፤ ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል። 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ጠለቅ ብሎ መመርመር ያስፈልጋል። እኔ የሶፍትዌር ሰው ነኝ፤ የተሳሳተ መረጃ ከገባ ትክክለኛ ውጤት አይወጣም። በይሉኝታ የሞላነው ዜሮም ያው ዜሮ ሆኖ ይደመራል።

ጥፋቱ ግን የኛ ብቻ አይደለም። ቡታጅራ አካባቢ በእናቶች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት፣ ከስኮትላንድ የመጣው የኤድንብራ መጠይቅ ሕመሙን በመለየት ደካማ እንደነበር አሳይቷል። የተሻለ የሠራው ስለ ራስ ምታት፣ ስለ ሆድና ስለ እንቅልፍ ጭምር የሚጠይቀው የዓለም ጤና ድርጅት ባለ 20 ጥያቄ ቅጽ ነው። ስለዚህ መጠይቁ የሳተውን እኛው በአፋችን መሙላት አለብን።

እንዴት? «ራሴን ያመኛል» ብለን አናቁም። ከመቼ ጀምሮ? በሳምንት ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጣን? ሥራ ወይም ትምህርት ቀርተናል? የሰው ስልክ ማንሳት ትተናል? ጸበልና ጸሎትም ካለ እንንገራት፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። እንግሊዝኛው ለቢሮ ቢበቃም ለሐዘን ላይበቃ ይችላል። ኤንኤችኤስ አስተርጓሚ በነጻ ያቀርባል፤ ቀጠሮ ስንይዝ እንጠይቅ። ልጃችን ወይም ዘመዳችን እንዲያስተረጉም አናድርግ፤ እነሱ ፊት የማንናገረው አለና።

9ኛው ጥያቄ ስለ ሞት ሐሳብ ነው። ብዙዎቻችን የምንዘለው እሱን ነው። «አዎ» ማለት ግን በራሱ ሆስፒታል አያስገባም፤ ነርሷ ሐሳቡ ምን ያህል እንደበረታና ማን አጠገባችን እንዳለ ጠይቃ፣ ደህንነታችን የሚጠበቅበትን መንገድ አብራን ታቅዳለች።

እንግሊዝ ውስጥ ለአዋቂዎች የኤንኤችኤስ ቶኪንግ ቴራፒስ አገልግሎት የሐኪም ደብዳቤ አያስፈልገውም፤ ራሳችን ማመልከት እንችላለን። ነገሩ ከባሰ 111 ደውሎ 2 ቁጥርን መምረጥ፣ ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ደግሞ 999 መደወል ነው።

ለሰላምታ «ደህና ነኝ» እንበል። ለነርሷ ግን እውነቱን።